የዓሣ አጥማጁ ፕሬዚዳንት ውለታና ቅሬታ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ነው። ፊታቸውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እንዲያውም በኪሳችን ይዘነው እንዞራለን። ዳይም በምንላት የአሥር ሳንቲም ላይ ከ1946 ጀምሮ ተቀርጸው የኖሩት እሳቸው፣ ፍራንክሊን ዴላኖ ሩዝቬልት ናቸው። (ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በእኚህ ሰው ነገር የገባሁት በታላቅ ወንድሜ ምክንያት ነው። ጋሼ ገና በሕፃንነቱ ልምሻ መትቶት ግራ እግሩ ሳይታዘዝለት የቀረ፣ በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ነው። ያደግነው ባሕር ዳር ነው፤ እኩዮቹ ኳስ ሲያባርሩ እሱ ጣና ዳር ተቀምጦ መንጠቆ ይጥል ነበር። እኔ ወደምኖርበት ወደ ኢስት ፖይንት፣ አትላንታ ጥግ፣ ሊጠይቀኝ በመጣ ጊዜ የገበያ አዳራሹም የመናፈሻውም ዙረት አደከመው። ስለዚህ በሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ አምስት ሰዓት ያህል ነድተን የአልታማሃ ወንዝ አትላንቲክን ወደሚቀላቀልበት ወደ ጆርጂያ ጠረፍ ወረድንና አንድ ባለ ጀልባ መሪ ቀጠርን።

የፈለግነው ታርፖን የሚባለውን ዓሣ ነበር። ታርፖን ከሰው ቁመት ሊበልጥ የሚችል፣ ጎኑ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ፣ ቅርፊቱ መዳፍ የሚያህል ዓሣ ነው። ግልገሎቹ የሚያድጉት ከባሕሩ ወደ ውስጥ በገባው፣ ሣርና ጭቃ በከበበው የረጋ ውሃ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለው ውሃ አየር ያጥረዋል፤ ሌላው ዓሣ ሲታፈን ታርፖን ግን ብቅ እያለ ከላይ አየር ይጎርሳል። ሥጋው እሾህ የበዛበት ስለሆነ የሚፈለገው ለምግብ ሳይሆን ለትግሉ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተይዞ ይለቀቃል። መንጠቆ ሲይዘው ከውሃው ወጥቶ ወደ ላይ ይዘላል። ያን ጊዜ ዘንጉን ዝቅ አድርጎ ክሩን ማላላት ነው፤ ችኩሎ የሳበ ይበጥሳል።

መሪያችን የጋሼን ምርኩዝ አይቶ ወንበሩን እንዳይንቀሳቀስ አሰረለትና፣ ይህን ዓሣ ተቀምጠው ከያዙት ሰዎች አንዱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እንደነበሩ ነገረን። በዚያን ቀን አንድ ታርፖን የጋሼን መንጠቆ ጎረሰ፤ ሁለት ጊዜ ዘልሎ ክሩን በጥሶ ሄደ። የሰውየው ታሪክ ግን ከእኛ ጋር ቀረ።

ሩዝቬልት በ1882 ከሀድሰን ወንዝ አጠገብ፣ ሃይድ ፓርክ በተባለ ሥፍራ፣ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ከውሃና ከጀልባ አይለዩም ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የባሕር ኃይል ምክትል ሚኒስትር ሆኑ፤ በ1920 ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ተሸነፉ። በዓመቱ፣ በኦገስት 1921፣ ካናዳ ውስጥ በምትገኘው የካምፖቤሎ ደሴት ዕረፍት ላይ ሳሉ ትኩሳት ጣላቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት እግራቸው ከዳቸው። ሐኪሞቹ ልምሻ ነው አሉ። ዕድሜያቸው ገና 39 ነበር።

እናታቸው ሃይድ ፓርክ ገብተው በሰላም እንዲጦሩ ፈልገው ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ ወዳጃቸው ጋር ላሩኮ የተባለች የቤት ጀልባ ገዝተው ከ1924 እስከ 1926 የብርዱን ወራት በፍሎሪዳ ደሴቶች መካከል አሳለፉ። እዚያ ይዋኛሉ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። ጋሼ ይህን ስነግረው ምክንያቱ ወዲያው ገባው። በጀልባ ላይ ጤነኛውም ይቀመጣል፤ መቀመጥ ጉድለት የማይሆንበት ቦታ ነው።

በኦክቶበር 1924 ደግሞ ወደ ጆርጂያ መጡ። ከኢስት ፖይንት በመኪና ከአንድ ሰዓት እምብዛም የማይርቅ ዋርም ስፕሪንግስ የሚባል መንደር አለ፤ ከተራራው ሥር 31 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያለው ውሃ ይፈልቃል። በእኛ አነጋገር ጠበል እንደማለት ነው። አንድ ወጣት በዚያ ውሃ እየዋኘ እግሩ በረታ ሲባል ሰምተው ነበር የመጡት። በ1926 ከሀብታቸው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን አፍስሰው ቦታውን ገዙት፤ በዓመቱም የሕሙማን ማገገሚያ ድርጅት አቋቋሙበት። ውሃው አላዳናቸውም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያለ ብረት ድጋፍና ያለ ሰው ክንድ አልቆሙም። ነገር ግን በእጅ ብቻ የምትነዳ መኪና አሠርተው በገጠሩ መንገድ ሲዘዋወሩ ድህነትን በዓይናቸው አዩ። የጆርጂያ ገበሬ ጨለማ ውስጥ መኖሩንና የመብራት ዋጋው ኒውዮርክ ከሚከፍሉት አብልጦ መገኘቱን አስተዋሉ። በ1935 ገጠሩን በኤሌክትሪክ ያዳረሰውን መሥሪያ ቤት ሲያቋቁሙ ሐሳቡ የተወለደው በዚህ መንደር እንደሆነ ኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

በ1928 የኒውዮርክ ገዥ፣ በ1932 ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ፕሬዚዳንት ሆነውም መንጠቆውን አልተዉም። በሜይ 1937 ቴክሳስ ውስጥ ፖርት አራንሳስ ድረስ ሄደው፣ ፋርሊ የተባሉት የታወቁ መሪ ቤተሰብ እየመሯቸው ታርፖን ያዙ። የፈረሙበት የዓሣ ቅርፊት በከተማዋ ታርፖን ኢን ሆቴል ግድግዳ ላይ፣ በሺህ ከሚቆጠሩ ሌሎች ቅርፊቶች መካከል ተሰቅሏል።

እስካሁን ያወጋሁት ውለታውን ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ቅሬታው ነው።

ኦክቶበር 2 ቀን 1935 ሩዝቬልት ሳንዲያጎ ላይ ሂዩስተን በተባለች የጦር መርከብ ተሳፍረው ለዕረፍትና ለዓሣ ማጥመድ ጉዞ ጀመሩ። በማግሥቱ የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻገረ፤ አድዋ ላይ ቦምብ ዘነበ። ኦክቶበር 5 አሜሪካ ገለልተኛ መሆኗ ታወጀ፤ ለሁለቱም ተዋጊዎች የጦር መሣሪያ እንዳይሸጥ ተከለከለ። የራሷ የመሣሪያ ፋብሪካ የነበራት ጣሊያን በዚህ ብዙም አልተጎዳችም፤ ክልከላው ነዳጅን አልነካምና አውሮፕላኖቿም መብረራቸውን አላቆሙም። ጠመንጃ የምትለምነው ኢትዮጵያ ግን በር ተዘጋባት። መርከቧ በኮኮስ ደሴትና በፓናማ አድርጋ ኦክቶበር 23 ቻርልስተን ገባች። አባቶቻችን ያን ጥቅምት ወደ ሰሜን ሲዘምቱ እሳቸው ዓሣ ያጠምዱ ነበር።

በእርግጥ ለፍርድ ያህል ሁለት ነገር ማስታወስ ይገባል። የገለልተኝነቱን ሕግ በዚያው ዓመት በኦገስት ያወጣው ምክር ቤቱ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱም ወራሪውን ከተወራሪው የመለየት ሥልጣን አልሰጣቸውም። ደግሞም ብዙ መንግሥታት የጣሊያንን ቅኝ ግዛት ሲያጸድቁ አሜሪካ አላጸደቀችም።

ሁለተኛው ቅሬታ ከዋርም ስፕሪንግስ ነው። በሩዝቬልት ዘመን ያ ውሃ ጥቁር ሕመምተኛ አይቀበልም ነበር። ጥቁሮች ምግብ ያበስሉ፣ ሕሙማንን ይገፉ ነበር እንጂ ልጃቸው ልምሻ ቢይዘው ገንዳው ውስጥ አይገባም። ወቀሳው ሲበዛ በ1941 አላባማ ውስጥ ቱስኪጊ ላይ ለጥቁሮች የተለየ ማዕከል ተከፈተ፤ ወጪውን የሸፈነው ሩዝቬልት በ1938 ያቋቋሙት የፀረ ልምሻ ድርጅት ነበር። ጋሼ በዚያ ዘመን ቢመጣ ኖሮ ከበሩ ይመለስ ነበር።

አሥር ዓመት ያህል እንለፍ። የካቲት 6 ቀን 1937 በእኛ አቆጣጠር፣ ማለትም ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1945፣ ከያልታ ጉባኤ ሲመለሱ ኩዊንሲ የተባለችው መርከባቸው በስዊዝ ቦይ መካከል ታላቁ መራራ ሐይቅ ላይ ቆመች። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በርረው እዚያ አገኟቸው። ያ ከስደት የተመለሰ ንጉሥና ያ የማይቆም ፕሬዚዳንት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ንጉሠ ነገሥቱ ይዘው ከሄዷቸው ጉዳዮች ዋናዎቹ ኤርትራና የባሕር በር፣ ኦጋዴን፣ የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ነበሩ። ዕድሜውን በባሕር ላይ ላሳለፈ ሰው የባሕር ነገር ቀረበለት። ሩዝቬልት ግን ነገሩን ወደ ፍጻሜ ለማድረስ ጊዜ አላገኙም። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ዋርም ስፕሪንግስ በሚገኘው ትንሽ ቤታቸው ሥዕላቸው እየተሣለ ሳለ ራሳቸውን አመማቸውና በዚያው ዐረፉ። አስከሬናቸው በባቡር በአትላንታ አልፎ ወደ ሰሜን ሄደ።

ከጠረፉ እንደተመለስን ጋሼን ወደዚያ ቤት ወሰድኩት። ያልተጠናቀቀውን ሥዕል አየነው፤ መኪናቸውንም። ጋሼ ብዙ የቆየው ግን ሰዎች ከየአገሩ የላኩላቸው ምርኩዞች የተደረደሩበት ቦታ ነው። የራሱን ተደግፎ አንድ በአንድ አያቸው።

እዚያው ሌላ ነገር ነገርኩት። ያ የፀረ ልምሻ ድርጅት ከሕዝብ ዳይም በዳይም ለምኖ በሰበሰበው ገንዘብ ዶክተር ጆናስ ሳልክ ያገኙት ክትባት እንደሚሠራ የተነገረው ኤፕሪል 12 ቀን 1955 ነው፤ ልክ በሩዝቬልት ዐሥረኛ ሙት ዓመት። የዳይም ሳንቲሙ ምስልም የዚሁ መታሰቢያ ነው። ጋሼ ዝም አለ። እሱ የተወለደው ክትባቱ ከተገኘ በኋላ ነው። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ነበር፤ እኛ ሰፈር ግን በጊዜው አልደረሰም።

ወደ ኢስት ፖይንት ስንመለስ፣ ሰውየውን ይወዳቸው ወይም ይቀየማቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። ሁለቱንም ቢሆን ምን እንደሚከለክለው መልሶ ጠየቀኝ። ከዚያ ከመኪናው መሳቢያ ሁለት ዳይም አወጣና ኪሱ ከተተ። አገር ቤት ላሉት የልጅ ልጆቹ ነው፤ ሁሉም ተከትበዋል። ሳንቲሙን ሲሰጣቸው የ1935ቱን ጥቅምትም አብሮ እንደሚነግራቸው ነገረኝ።

እኛም እዚህ ለተወለዱት ልጆቻችን እንደዚሁ ብናደርግ መልካም ነው። ቸር ይግጠመን።