ጂኖ ዋትኪንስ

ጂኖ ዋትኪንስ (ሙሉ ስሙ ሄንሪ ጆርጅ ዋትኪንስ፤ ከጃንዩዌሪ 29 ቀን 1907 እስከ ኦገስት 20 ቀን 1932 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊ አሳሽ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው የግሪንላንድን ምሥራቃዊ ጠረፍ በማጥናቱና ካያክ የተባለችውን የኢኑዊት ሕዝብ የአደን ጀልባ አነዳድ ከራሳቸው ከአዳኞቹ በመማሩ ነው። በ25 ዓመቱ በዚሁ ጠረፍ ብቻውን በካያክ ለአደን እንደወጣ ሕይወቱ አልፏል።

የመጀመሪያ ጉዞዎች

ዋትኪንስ የተወለደው በለንደን ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1927 እ.ኤ.አ. ከስቫልባርድ ደሴቶች አንዷ ወደሆነችው ኤጅ ደሴት የተጓዘ ቡድን መራ። ቀጥሎም በ1928 እና 1929 እ.ኤ.አ. ዛሬ የካናዳ ክፍል በሆነው በላብራዶር ጥናት አካሄደ።

የ1930–31 እ.ኤ.አ. ጉዞ

ዋትኪንስ በ23 ዓመቱ 14 አባላት ያሉትን ቡድን እየመራ ወደ ግሪንላንድ ሄደ። ዓላማው ከብሪታንያ ወደ ካናዳ በግሪንላንድ በኩል የአውሮፕላን መስመር መዘርጋት ይቻል እንደሆነ ማጥናት ነበር። ለዚህም ጠረፉን በካርታ ማንሳትና በበረዶው ግግር ላይ ያለውን የአየር ጠባይ መመዝገብ ያስፈልግ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ኦገስቲን ኮርቶልድ በግግሩ ላይ በተሠራው ጣቢያ ለ5 ወራት ብቻውን ቆየ። ጣቢያው በበረዶ ተቀብሮ ሳለ በሜይ 1931 እ.ኤ.አ. ዋትኪንስና ሁለት ባልደረቦቹ ደርሰው በሕይወት አወጡት።

ካያክ

የግሪንላንድ ካያክ በእንጨት አጽም ላይ የአቆስጣ (የባሕር እንስሳ) ቆዳ ተወጥሮ የሚሠራ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ ጀልባ ነው። በቀላሉ ስለሚገለበጥ ቀዛፊው ከውስጡ ሳይወጣ በመቅዘፊያው ውኃውን ገፍቶ መልሶ መቃናትን መቻል አለበት። ዋትኪንስና ጥቂት ባልደረቦቹ ይህንን ጥበብና ከካያክ ላይ ሆኖ ማደንን ከአንግማግሳሊክ አካባቢ አዳኞች ተማሩ።

አሟሟቱ

በ1932 እ.ኤ.አ. ዋትኪንስ ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ተመለሰ። ገንዘባቸው ጥቂት ስለነበረ ይዘው የሄዱት ምግብ አነስተኛ ነበር፤ የቀረውን በአደን ለማሟላት አቅደው ነበር። ስለዚህ ካያክ የሙከራ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የቡድኑ ቀለብ ማግኛ ሆነ። ለብቻ ማደን ግን አደገኛ ነው፤ ጀልባው ከእጅ ካመለጠ ወይም ቀዛፊው ውኃ ውስጥ ከወደቀ የሚረዳው ሰው አይኖርም።

ኦገስት 20 ቀን ዋትኪንስ አቆስጣ ለማደን ብቻውን ወጣ። ባልደረቦቹ በዚያው ቀን ካያኩን ተገልብጦ ሲንሳፈፍ አገኙት፤ ሱሪውንም በተንሳፋፊ በረዶ ላይ አገኙ። አስከሬኑ ግን አልተገኘም። ከበረዶው ላይ ሆኖ ወደ ራቀው ካያክ ለመዋኘት ሲሞክር በቅዝቃዜው እንደሞተ ይገመታል።

መታሰቢያ

ከሞቱ በኋላ ጆን ራይሚል የቡድኑን መሪነት ተረክቦ ሥራውን ቀጠለ። በ1930 እ.ኤ.አ. ቡድኑ ከአውሮፕላን ያያቸው ተራሮች ዛሬ የዋትኪንስ ተራሮች ይባላሉ። በእነዚህ ተራሮች የሚገኘው ጉንቢዮርን በአርክቲክ ከፍተኛው ተራራ ሲሆን ወደ 3,700 ሜትር ይጠጋል። በ1935 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ ከወጡት ሰዎች አንዱ ዋትኪንስ ከበረዶው ጣቢያ ያወጣው ኮርቶልድ ነበር።