ሮቢን ፎሬዩስና የደም አዘቃቀጥ ምርምር

አንድ ሕፃን ትኩሳት ይዞት፣ አንድ እግሩን አልረግጥም ብሎ እያለቀሰ ወደ ሐኪም ቤት ሲመጣ፣ ሐኪሙ በዚያው ቀን ሊወስነው የሚገባ ከባድ ነገር አለ። በዳሌው መገጣጠሚያ ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ መግል ከሆነ፣ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበላሻልና መገጣጠሚያው ሳይውል ሳያድር ተከፍቶ መታጠብ ይኖርበታል። መግል ሳይሆን ጊዜያዊ ቁጣ ከሆነ ግን ሕፃኑ በዕረፍት ብቻ ይድናል፤ እንዲህ ያለውን ልጅ በከንቱ በቢላዋ መንካት በደል ነው። ሁለቱ ሕመሞች ከውጭ ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ። ለዚህ ውሳኔ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ በቀጭን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀስ እያለ የሚዘቅጥ ደም ነው። ይህንን ምርመራ በጽኑ የሳይንስ መሠረት ላይ ያቆሙት ስዊድናዊው ሐኪም ሮቢን ፎሬዩስ ናቸው።

ፎሬዩስ የተወለዱት በ1888 በስቶክሆልም ከተማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1918 ባወጡት ጽሑፍ የነፍሰ ጡር ሴቶች ደም ከሌላው ሰው ደም ይልቅ ፈጥኖ እንደሚዘቅጥ ገለጡ። የመጀመሪያው ተስፋ በዚህ መንገድ እርግዝናን ገና በጠዋቱ ማወቅ ይቻል ይሆናል የሚል ነበር። ተስፋው ግን አልሠመረም። ፍጥነቱ በግልጽ የሚጨምረው እርግዝናው ወራት ካስቆጠረ በኋላ ሆኖ ከመገኘቱም በላይ፣ በልዩ ልዩ በሽታ የተያዙ ወንዶችም ደም እንዲሁ ፈጥኖ ሲዘቅጥ ታየ። ብዙ ተመራማሪ በዚህ ጊዜ ቱቦውን ወደ ጎን ይጥለው ነበር። እርሳቸው ግን ጥያቄውን ለወጡት፤ ደም እርግዝናን ካልለየ እንግዲያስ የሚናገረው ምንድን ነው ብለው ተነሡ።

መልሱ በ1921 ባሳተሙት ሰፊ የምርምር ሥራ ውስጥ ይገኛል። ቀይ የደም ሕዋሳት በላያቸው ላይ ተመሳሳይ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። ሰውነት በሕመም ሲቆጣ በፕላዝማው ውስጥ ፋይብሪኖጅንና ግሎቡሊን የተባሉት ፕሮቲኖች ይበዛሉ፤ ይህም መገፋፋቱን ያዳክመዋል። ሕዋሳቱም እንደ ተደረደረ ሳንቲም አንዱ በሌላው ላይ ይጣበቃሉ። የስቶክስን ሕግ ለሚያውቅ መሐንዲስ የቀረው ግልጽ ነው። በፈሳሽ ውስጥ የሚወርድ ነገር ፍጥነቱ በሬዲየሱ ዳግም ርቢ መጠን ያድጋልና፣ ሬዲየሱ እጥፍ ሲሆን ፍጥነቱ አራት እጥፍ ይሆናል።

በዚሁ ሥራ ፎሬዩስ ወደ ጥንቱም ዘመን ዞር ብለው ነበር። የግሪክ ጠቢባን የሰው አካል ከአራት ፈሳሾች ተሠርቷል ያሉት፣ በመስታወት ዕቃ ውስጥ የቆመ ደም በቀለም ወደ ተለያዩ ንብርብሮች ሲከፈል አይተው ሊሆን ይችላል የሚል አሳብ አቀረቡ። ይህ ግምት ቢሆንም ውበት ያለው ግምት ነው።

ስለ ቀዳሚነት ከተነሣ የፖላንዱ ሐኪም ኤድሙንድ ቢየርናትስኪ ሊዘለሉ አይገባም። እርሳቸው በ1897 ስለ ደም አዘቃቀጥ በፖሎኒያና በጀርመን ቋንቋ ጽፈው በ1911 ሞተዋል፤ በአገራቸው ምርመራው ዛሬም በስማቸው ይጠራል። ሌላው ስዊድናዊ አልፍ ቬስተርግሬን ደግሞ በ1921 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ሲመረምሩ ለአሠራሩ ልክ አበጁለት። አራት እጅ ደም ከአንድ እጅ የሶዲየም ሲትሬት ውሁድ ጋር ይቀላቀላል፤ እስከ 200 ሚሊ ሜትር በተለካ ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከላይ የጠራው ፕላዝማ ስንት ሚሊ ሜትር እንደ ሆነ ይነበባል። ኤሌክትሪክ አያሻውም፤ ሰዓትና ቀጥ ያለ ማቆሚያ ይበቃዋል።

ፎሬዩስ ከ1928 እስከ 1955 በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። በ1929 ደም በቀጭን ቱቦ ሲፈስ ሕዋሳቱ ወደ መካከል ተሰብስበው ከፕላዝማው ቀድመው ስለሚሄዱ፣ በቱቦው ውስጥ የሚገኘው የሕዋሳት መጠን ከመነሻው ያነሰ መሆኑን አስረዱ። በ1931 ከቶርስተን ሊንድክቪስት ጋር ሆነው ደግሞ የቱቦው ስፋት ከ0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲያንስ የደም ዝልግልግነት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳዩ። ውኃ እንዲህ አያደርግም። ስለ ቧንቧ ፍሰት የተማረ ሁሉ ይህን ሲያነብ መገረሙ አይቀርም።

ወደ ሕፃኑ እንመለስ። በ1999 የቦስተን ሐኪሞች የዳሌ መገጣጠሚያ መግልን ከጊዜያዊ ቁጣ የሚለዩ አራት ምልክቶችን አወጡ፤ እነርሱም ትኩሳት፣ በእግር መቆም አለመቻል፣ ከ12,000 በላይ የሆነ የነጭ ደም ሕዋስ ቁጥርና በሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የደም ዝቅጠት ናቸው። አራቱም በተገኙበት ሕፃን መግል የመኖሩ ዕድል 99.6 በመቶ ተብሎ ነበር። በ2004 እነዚያው ሐኪሞች በሌሎች ሕፃናት ላይ ሲፈትኑት ግን ወደ 93 በመቶ ዝቅ አለ። ቀመር ከተሠራበት ቦታ ወጥቶ ሲፈተን የሚሆነው ይኸው ነው።

ዝቅጠቱም የራሱ ጉድለት አለው። ፋይብሪኖጅን እስኪበዛ አንድ ሁለት ቀን ስለሚያልፍ፣ ሕመሙ በጀመረበት ዕለት ቁጥሩ ደኅና መስሎ ሊታይ ይችላል። የደም ማነስ ያለ ምክንያት ከፍ ያደርገዋል። ሕፃኑ እየዳነ እንኳ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይወርድ ይቆያል። ስለዚህ በ1930 በኒው ዮርክ የሮክፌለር ተቋም የተገኘው ሲ-ሪአክቲቭ ፕሮቲን ዛሬ ከጎኑ ይለካል፤ እርሱ በሰዓታት ውስጥ ወጥቶ፣ መድኃኒቱ ከሠራ በሳምንት ገደማ ይመለሳል። ሁለቱም ቢሆኑ ቁጣ መኖሩን እንጂ የተሕዋሱን ስም አይናገሩም፤ ስሙን ለማወቅ መርፌ አስገብቶ ፈሳሹን መቅዳትና ተሕዋሱን ማሳደግ ግድ ነው።

በ1966 የደም ፍሰት ተመራማሪዎች በሬይክያቪክ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ ጉባኤያቸውን ሲያደርጉ፣ በፈረንሳዊው የቧንቧ ፍሰት ሊቅ በፑዋዜይ ስም የተሰየመውን ሜዳልያ መጀመሪያ የሰጡት ለፎሬዩስ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1968 በኡፕሳላ ዐረፉ። ቬስተርግሬንም የሞቱት በዚያው ዓመት ነበር።