ቴአትር አፍቃሪው የባሕር ኃይል ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስ

ሠዓሊ ቢሞት ሥዕሉ ይቀራል፤ ደራሲ ቢሞት መጽሐፉ ይነበባል፤ ግንበኛ ቢሞት የሠራው ቤት ቆሞ ይታያል። የቴአትር ተጫዋች ሥራ ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ የሚያልፍ ነው። ድምፅንና ምስልን የሚቀርጽ መሣሪያ ከመገኘቱ በፊት የነበሩት ተዋንያን እንዴት ይናገሩ፥ እንዴትስ ይንቀሳቀሱ እንደ ነበር ዛሬ ልናውቅ የምንችለው፥ አይቶ ያልረሳና ያየውንም በጽሑፍ ያኖረ ተመልካች ያገኙ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

ዛሬ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ የምናቀርብላችሁ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፒፕስ እንዲህ ያለ ተመልካች ነበር። ተዋናይ አልነበረም፤ የቴአትር ድርሰትም ጽፎ አላተረፈልንም። ሥራው በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ነበር። ነገር ግን ከ1660 እስከ 1669 ባሉት ዓመታት ከ300 ጊዜ በላይ ቴአትር ቤት ገብቶ ያየውን በየዕለቱ ስለ ጻፈ፥ የዚያን ዘመን የእንግሊዝ ቴአትር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ምስክር አድርጎ የሚጠራው እርሱን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፒፕስ በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1633 በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበር። ልጁ ግን በትምህርቱ ብርቱ ስለ ነበረ በቅዱስ ጳውሎስ ትምህርት ቤት፥ ኋላም በኬምብሪጅ በመግደላዊት ኮሌጅ ተምሮ በ1654 ተመረቀ። የልጅነቱ ዘመን በአገሩ የእርስ በርስ ጦርነት የነበረበት ነው። በ1649 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በሎንዶን አደባባይ አንገቱ ሲቆረጥ፥ ገና የ15 ዓመት ተማሪ የነበረው ፒፕስ ከሕዝቡ መካከል ቆሞ አይቷል። ፓርላማው በ1642 ቴአትር ቤቶችን ሁሉ ዘግቶ ስለ ነበረ፥ ፒፕስ ያደገው ቴአትር በተከለከለበት አገር ነው። ምናልባት ኋላ የታየበት የቴአትር ጥም ከዚህ የመጣ ይሆናል ብለን እንገምታለን።

በ1655 ኤልሳቤጥ የምትባል ገና በልጅነት ዕድሜ ላይ የነበረች ድኻ ልጃገረድ አገባ። በ1658 ደግሞ ለብዙ ዘመን ያሠቃየው የፊኛ ጠጠር ያለማደንዘዣ በቢላዋ ወጣለት። በዚያ ዘመን እንዲህ ካለው ሕክምና በሕይወት መትረፍ ትልቅ ዕድል ስለ ነበረ፥ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ወዳጆቹን ጠርቶ ግብር ማብላት ልማዱ ሆነ።

በ1660 ዳግማዊ ቻርልስ ከስደት ተመልሶ ሲነግሥ፥ ለፒፕስም ለቴአትርም የመልካም ዘመን በር ተከፈተ። ኤድዋርድ ሞንታጉ የሚባለው ዘመዱ ንጉሡን በመርከብ ይዘው ከመጡት መኳንንት አንዱ ስለ ነበረ፥ ፒፕስ በእርሱ ረዳትነት በባሕር ኃይል ቦርድ በዓመት 350 ፓውንድ የሚከፈለው ጸሐፊ ሆነ። ዕድሜው 27 ነበር። የዕለት ማስታወሻውንም መጻፍ የጀመረው በዚያው ዓመት በጃንዋሪ 1 ቀን ነው። የተጻፈውም ማንም አንሥቶ እንዳያነበው በአጭር ጽሕፈት ምልክቶች ነበር።

ንጉሡ ቴአትር የማሳየት ፈቃድ የሰጠው ለሁለት ጓዶች ብቻ ነበር። አንዱን ቶማስ ኪሊግሩ፥ ሁለተኛውን ዊልያም ዳቨናንት ይመሩት ነበር። ጨዋታው የሚጀመረው ከቀትር በኋላ ሲሆን መድረኩ በሻማ ይበራል። ቴአትር ለ18 ዓመታት ያህል ተዘግቶ ስለ ቆየ አዲስ ድርሰት በበቂ አልነበረም፤ ስለዚህ ተዋንያኑ የሼክስፒርን፥ የቤን ጆንሰንንና የፍሌቸርን የቀድሞ ድርሰቶች ከአቧራ አንሥተው እንደገና ያሳዩ ጀመር። ከዚያ በፊት በሕዝብ መድረክ የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ነበሩ። ፒፕስ በ1660 ኤድዋርድ ካይናስተን የሚባለውን ወጣት በሴት ልብስ አይቶ፥ በዕድሜው ካያቸው ቆነጃጅት የሚበልጥ መሰለው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን፥ በጃንዋሪ 3 ቀን 1661፥ እውነተኞች ሴቶች በመድረክ ሲጫወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አየ። ስለዚህ አሮጌው ሥርዓት ሲያልፍና አዲሱ ሲተካ በዓይኑ ለማየት የበቃ ሰው ነው።

ስለ ድርሰቶቹ የሰጠውን ፍርድ የሚያነብ ሰው ሳይደነቅ አይቀርም። በከበደ ሚካኤል ድርሰት ብዙዎቻችን ያወቅነውን ሮሜዎና ዡልየትን በ1662 ባየ ጊዜ፥ በዕድሜው ከሰማቸው ቴአትሮች ሁሉ የከፋ ነው ብሎ ጻፈ። በዚያው ዓመት ያየውን የመካከለኛው በጋ ሌሊት ሕልም የተባለውን ድርሰትም ጣዕም የሌለው ከንቱ ነገር አድርጎ ቆጠረው። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰዎች ፒፕስ የቴአትር ማስተዋል አልነበረውም ይላሉ። እኛ ግን ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት የሚገባ ይመስለናል። ሮሜዎና ዡልየትን ያየው በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ ተዋንያኑም ቃላቸውን በሚገባ አላጠኑም ነበርና እየተሳሳቱ ይናገሩ ነበር። እርሱም ከዚያ ወዲያ አንድ ቴአትር በመጀመሪያው ቀን ሲታይ እንዳይገባ ወሰነ። እንግዲህ የፈረደው በመጽሐፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በፊቱ በተደረገው ጨዋታም ላይ ነበር ማለት ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። በ1660 መጨረሻ የሼክስፒርን አራተኛው ሄንሪ ለማየት በሄደ ጊዜ መጽሐፉን አስቀድሞ ገዝቶ ነበር፤ ብዙ ተስፋ አድርጎ ስለ ገባ እንዳሰበው ደስ አላለውም። ይህንንም ያመጣው መጽሐፉን አስቀድሞ መያዙ እንደ ሆነ ራሱ መረመረ። በሚከተለው ዓመት ያንኑ ቴአትር ደግሞ ሲያየው ግን መልካም ነው ሲል ጻፈ። ማክቤዝንም ከዘፈንና ከጭፈራ ጋር ተሰናድቶ ብዙ ጊዜ አይቶ ሳይሰለቸው ቀርቷል። አስተያየቱን ለመለወጥ የማያፍር ተመልካች ለቴአትር ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከተዋንያን ሁሉ አብልጦ ያደነቀው ቶማስ ቤተርተንን ነው። በኦገስት 1661 ቤተርተን በሐምሌት ቴአትር የልዑሉን ክፍል ሲጫወት ባየው ጊዜ ልቡ ተማረከ፤ በኋላም በዓለም ላይ እርሱን የሚያህል ተዋናይ የለም እስከ ማለት ደረሰ። በኖቬምበር 1664 አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ ከሚስቱ ጋር በቤት ተቀምጦ፥ ሐምሌት ስለ መኖርና ስለ መሞት የሚናገረውን ረጅም ንግግር በቃሉ ሲያጠና ዋለ። በቴአትር ቤት ብርቱካን ስትሸጥ ቆይታ ተዋናይት የሆነችው ኔል ግዊንም እጅግ ደስ ታሰኘው ነበር። ነገር ግን ፍቅር ዓይኑን አላወረውም፤ በአስቂኙ ጨዋታ ወደር የሌላት መሆኗን በጻፈበት እጁ፥ የቁም ነገር ክፍል በተሰጣት ጊዜ እንደማይሆንላት ጽፏል። ሙዚቃም ከቃል ይልቅ ያንቀሳቅሰው ነበር። በ1668 ድንግሊቱ ሰማዕት በተባለው ቴአትር መልአኩ ሲወርድ የተነፋው የእንቢልታ ዜማ፥ ሚስቱን በወደደበት በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ተሰማው ያለ ሕመም አሳደረበት፤ ሌሊቱንም ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለም።

በ1665 በሎንዶን ታላቅ ቸነፈር ገብቶ በዚያ ዓመት በመዝገብ የተጻፈው ብቻ ከ68,000 የሚበልጥ ሰው ስለ ሞተ ቴአትር ቤቶች ተዘጉ። በማርች 1666 ገና ተዘግተው ሳሉ ፒፕስ ወደ ንጉሡ ቴአትር ቤት ሄዶ ከመድረኩ በስተኋላ ያለውን ሁሉ ተመለከተ። በአንድ በኩል የእንጨት እግር፥ በሌላ በኩል ዘውድ፥ ወዲያ ደግሞ የእንጨት ፈረስ ተጥሎ ባየ ጊዜ ሳቁ መጣበት። በሻማ ብርሃን ከሩቅ ሲታይ ያን ያህል የሚያምረው ልብስ በቅርብ ሲታይ ተራ ነገር መሆኑን አስተዋለ። ነገር ግን ምስጢሩን ማወቁ ፍቅሩን አልቀነሰበትም።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ አንባቢዎቻችን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አሁን እንነግራቸዋለን። ፒፕስ የቴአትር ፍቅሩ ገንዘቡንና ጊዜውን እየበላበት መሄዱን ስላወቀ፥ በ1661 መጨረሻ ከቴአትርና ከወይን ጠጅ ለመታቀብ በጽሑፍ መሐላ አደረገ። መሐላውን ቢያፈርስ ለድሆች ገንዘብ ይከፍል ነበር። ባተረፈው ጊዜ ምን ሠራበት ቢሉ፥ በ1662 በጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ እየተነሣ፥ ከአንድ መርከበኛ የሒሳብ ትምህርት ይማር ጀመር። የኬምብሪጅ ምሩቅ የሆነው ይህ ሹም ያን ጊዜ የማባዛት ሠንጠረዥ እንኳ አያውቅም ነበር። ለመርከብ የሚገዛውን እንጨት መለካት፥ የገመዱንና የሸራውን ዋጋ መመርመር የቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴዎችም እንደ ልባቸው ሊያታልሉት አልቻሉም።

ይሁን እንጂ ሰው ነውና ብልሃት መፈለጉ አልቀረም። በ1664 ከአንድ ወዳጁ ጋር ምሳ ከበላ በኋላ ገንዘብ አበደረውና፥ ወዳጁ በዚያ ገንዘብ እርሱንና ሚስቱን ቴአትር ጋበዛቸው። መሐላው በቃሉ አልፈረሰም፤ በመንፈሱ ግን እንደ ፈረሰ ያወቀው ራሱ ነበርና፥ ማጭበርበሩን ጽፎ ሁለተኛ እንዳይደግመው ማለ። ደግሞ በ1661 አንድ ቀን በ1 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ቦታ ተቀምጦ ሳለ፥ የመሥሪያ ቤቱ አራት የበታች ጸሐፊዎች በ2 ሺልንግ ከ6 ፔንስ ቦታ ተቀምጠው አያቸው፤ እንዳያዩትም ተሳቀቀ። በዚያው ወር በጨለማ ከኋላ ተቀምጦ ሳለ አንዲት ወይዘሮ ዘወር ብላ ሳታየው ምራቋን ተፋችበት፤ እርሱ ግን መልኳ ያማረ መሆኑን ባየ ጊዜ ቅሬታው ሁሉ ጠፋ።

እንዲህ የሚቀልደው ሰው በሥራው ቀልድ አያውቅም ነበር። በጁን 1667 ሆላንዶች በሜድዌይ ወንዝ ገብተው የእንግሊዝን መርከቦች አቃጥለው ሲሄዱ፥ ሕዝቡ በባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ላይ ተነሣ። ፒፕስ በማርች 5 ቀን 1668 በፓርላማ ፊት ቆሞ ከሦስት ሰዓት በላይ በመናገር፥ ጥፋቱ ገንዘብ ካለመሰጠቱ የመጣ መሆኑን በማስረጃ አስረዳ፤ ብዙ ምስጋናም አገኘ። የሌሊት ሥራና የሻማ ብርሃን ግን ዓይኑን ጎዱት። እታወራለሁ ብሎ ስለ ፈራ በሜይ 31 ቀን 1669 ማስታወሻውን መጻፍ ተወ። ዓይኑ ባይጠፋም ዳግመኛ እንዲህ ያለ ማስታወሻ አልጻፈም። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ሚስቱ በ29 ዓመቷ ሞተችበት፤ ሌላም አላገባም።

ከዚህ በኋላ ሹመቱ እየከፈለ ሄዶ በ1673 የባሕር ኃይል ዋና ጸሐፊ ሆነ። በ1677 ማንም ሰው በመወለዱ ብቻ ሳይሆን በባሕር ላይ አገልግሎና ፈተና አልፎ የመቶ አለቅነት ማዕርግ እንዲያገኝ ያስደረገው እርሱ ነው። በ1679 በጠላቶቹ ክስ ታስሮ ነበር፤ ነገር ግን ማስረጃ ስላልተገኘበት ተለቀቀ። ከ1684 እስከ 1686 የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ስለ ነበረ፥ በ1687 በታተመው በኒውተን ታላቅ መጽሐፍ ፊት ስሙ ይነበባል። በ1689 ከሥራው ተሰናብቶ በሜይ 26 ቀን 1703 ዐረፈ።

3,000 ያህል መጻሕፍት ያሉበት ቤተ መጻሕፍቱ በኑዛዜው መሠረት በ1724 ወደ ተማረበት ኮሌጅ ገባ። ስድስቱ የማስታወሻ ጥራዞች በዚያ መካከል ነበሩ፤ መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ግን ያነበባቸው የለም። በመጨረሻ ጆን ስሚዝ የተባለ አንድ ድኻ ተማሪ ከ1819 እስከ 1822 ድረስ ደክሞ ምልክቶቹን ፈታቸው። የአጭር ጽሕፈቱ መማሪያ መጽሐፍ በዚያው ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ እንዳለ ግን አላወቀም ነበር። ጽሑፉ በ1825 በከፊል ታተመ፤ ሙሉው የታተመው ግን ከ1970 እስከ 1983 ባሉት ዓመታት ነው።

ሙሉው ሲነበብ የፒፕስ ጉድለት ሁሉ ተገለጠ። ሚስቱን ይበድላት እንደ ነበር፥ ከነጋዴዎችም ስጦታ ይቀበል እንደ ነበር የምናውቀው ከእርሱ ከራሱ ብዕር ነው። እኛም ይህን ሸሽገን ቅዱስ አድርገን ልናቀርበው አንወድም። የሚያስደንቀው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም የመርከቡን ገመድ በሚመረምርበት ዓይን ተዋናዩን፥ ተዋናዩን በሚመረምርበት ዓይን ደግሞ ራሱን መመርመሩ ነው። ቤተርተን በሐምሌት ልብስ በመድረክ ላይ የቆመበት ያ ከቀትር በኋላ ሳይጠፋ የቀረው፥ ተቀምጦ የሚያይ አንድ ጸሐፊ ማታ ወደ ቤቱ ተመልሶ ሻማ ስላበራ ነው። ቴአትር የሚወዱ ወጣቶች ሁሉ መድረክ ላይ መውጣት ባይሆንላቸው፥ ይህ ሁለተኛው ሥራ ሳይሠራ እንደሚጠብቃቸው ልናስታውሳቸው እንወዳለን።