የኤድጋር ኮድ ሕይወትና ሥራ

ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው በሁለት መንገድ ሊጠይቅ ይችላል። አንደኛው መንገድ መደርደሪያውን፥ ተራውንና ቦታውን እያመለከቱ ማዘዝ ነው። ሁለተኛው የመጽሐፉን ስም ብቻ ተናግሮ ፍለጋውን ለሠራተኛው መተው ነው። ኮምፒዩተር ከተሠራ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሰዎች በመሣሪያው ውስጥ ያከማቹትን መረጃ የሚያገኙት በመጀመሪያው መንገድ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን መንገድ የከፈተው ኤድጋር ፍራንክ ኮድ ነው። የዚህ ሰው ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመው ስለ ሰጠው ተስፋ ብቻ ሳይሆን፥ ያ ተስፋ ስላስከተለው ዕዳም ጭምር ነው።

ኮድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት ሁሉ በዚሁ ናቸው) ኦገስት 19 ቀን 1923 በእንግሊዝ አገር በፖርትላንድ ደሴት ተወለደ። እናቱ መምህርት ነበረች፤ እርሱም ከሰባት ልጆች የመጨረሻው ነበር። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተማረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በፈቃዱ በእንግሊዝ አየር ኀይል ገብቶ አብራሪ ሆነ። በ1948 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ በአይቢኤም ኩባንያ ሥራ ያዘ። የሴናተር ማካርቲ ዘመቻ ስላስቈጣው በ1953 አሜሪካን ለቅቆ ወደ ካናዳ ሄደ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተመለሰ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ያገኘው በ1965፥ ዕድሜው ከአርባ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያም በካሊፎርኒያ በሳን ሆዜ ወደሚገኘው የአይቢኤም የምርምር ማዕከል ተዛወረ።

ስሙን ያስጠራው ጽሑፍ በ1970 ታተመ። ሐሳቡ እንዲህ ነው። መረጃ ሁሉ በረድፍና በዓምድ በተከፈለ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ብቻ ይናገር፤ እንዴት እንደሚገኝ መወሰን የመሣሪያው ሥራ ይሁን። ኮድ ይህን የመሠረተው በሒሳብና በሥነ አመክንዮ ላይ ነው። በ1972ም፥ በአመክንዮ ቋንቋ የቀረበ ጥያቄ በሠንጠረዦች ላይ ወደሚፈጸሙ ጥቂት የሒሳብ ተግባሮች ሊለወጥ እንደሚችል አሳየ።

ሐሳቡ ግን ወዲያው ተቀባይነት አላገኘም። አይቢኤም ራሱ መረጃን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያደራጅ አይኤምኤስ የተባለ ሥርዓት ይሸጥ ነበር። በ1974 ኮድና ቻርልስ ባክማን በአን አርበር ከተማ በተደረገ ጉባኤ ፊት ለፊት ተከራከሩ። ተቃዋሚዎቹን ያጠራጠራቸው፥ መሣሪያ የሠለጠነ ባለሙያን ያህል አጭሩን መንገድ ሊመርጥ ይችላል ወይ የሚለው ነበር። በዚያው ዓመት ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ በኋላ ኤስኪውኤል የተባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ፤ ቦይስም ገና በወጣትነቱ በዚሁ ዓመት ሞተ። በ1979 ፓትሪሺያ ሴሊንገርና ባልደረቦቿ የየመንገዱን ወጪ ገምቶ ርካሹን የሚመርጥ ዕቅድ አውጪ መሥራታቸውን አስታወቁ። ዕዳው መከፈል ጀመረ።

ከዕዳው ሁሉ አስቸጋሪው በጥያቄ ውስጥ የሚገባው ጥያቄ፥ ማለትም ንዑስ ጥያቄ ነበር። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ፥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ሠንጠረዦች አሉት እንበል። በአንደኛው የ5,000 ተማሪዎች ስም፥ ከየስሙም ጎን ተማሪው በእጁ አሉት ተብሎ የተመዘገበው የመጻሕፍት ቍጥር አለ። በሁለተኛው ለእያንዳንዱ የውሰት መጽሐፍ አንድ ረድፍ ሆኖ 20,000 ረድፎች አሉ። የተመዘገበው ቍጥር ከውሰቱ ቈጠራ ጋር የሚስማማላቸው ተማሪዎች እነማን እንደ ሆኑ ለማወቅ፥ በዋናው ጥያቄ ውስጥ የየተማሪውን ውሰት የሚቈጥር ንዑስ ጥያቄ ይገባል። ማውጫ ከሌለና መሣሪያው ቃሉን እንዳለ ከፈጸመ፥ ለእያንዳንዱ ተማሪ 20,000ውን ረድፍ እንደገና ያነባል፤ ይህም 100,000,000 ንባብ ነው። ብልህ ዕቅድ አውጪ ግን ውሰቱን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ በየተማሪው እየለየ ይቈጥርና ውጤቱን ከስም ዝርዝሩ ጋር ያጣምረዋል። ንባቡ ወደ 25,000 ገደማ ይወርዳል።

በ1982 ዎን ኪም እንዲህ ያለውን ለውጥ በሥርዓት ጻፈ። ነገር ግን የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በ1984 ቨርነር ኪስሊንግ በፍጥነቱ ውስጥ የተደበቀ ስሕተት አገኘ። በምሳሌያችን አንድም መጽሐፍ ያልወሰደ ተማሪ በውሰት ሠንጠረዥ ረድፍ የለውም፤ ረድፍ ከሌለውም ዜሮ ብሎ የሚቈጥርለት የለም። ስለዚህ መዝገቡ ዜሮ የሚልለትና በእርግጥም ዜሮ የሆነው ተማሪ ስሙ ከመልሱ ይጠፋል። በ1987 ጋንስኪና ዎንግ፥ ጓደኛ ረድፍ ያላገኘውን ስም ሳይጥል በሚያቆይ የማጣመር ዘዴ ነገሩን አቃኑት።

ኮድ በ1981 የቱሪንግን ሽልማት ተቀበለ፤ ነገር ግን በክብሩ ረክቶ ዝም አላለም። በ1988 ኤስኪውኤልን አጥብቆ ነቀፈ። ቋንቋው በአንድ ሠንጠረዥ አንድ ዓይነት ረድፍ እንዲደገም ስለሚፈቅድ፥ ጠያቂው አንድ ናቸው ብሎ የሚያስባቸው በንዑስ ጥያቄና በማጣመር የተጻፉ ሁለት ጥያቄዎች የተለያየ የረድፍ ብዛት ሊመልሱ ይችላሉ። እንደዚህ ከሆነ ዕቅድ አውጪው አንዱን በሌላው በድፍረት ሊተካው አይችልም። ኮድ ከሐሳቡ በተወለደው ቋንቋ ላይ እንዲህ ሲፈርድ ለሒሳቡ እንጂ ለዝናው አላደላም። ኤፕሪል 18 ቀን 2003 በፍሎሪዳ በ79 ዓመቱ ዐረፈ።

ዛሬ ኦራክልና ፖስትግሬስን የመሳሰሉ ሥርዓቶች ብዙውን ንዑስ ጥያቄ ራሳቸው ወደ ማጣመር ይለውጡታል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሙያ የምንሰማራ ተማሪዎች መሣሪያው የመረጠውን ዕቅድ አስወጥተን መመልከት ይገባናል። መንገዱን ለመሣሪያው መተው የተፈቀደልን መልሱ እንዳይለወጥ ሒሳቡ ዋስ ስለ ሆነ ነው፤ ፍጥነት ከትክክለኛነት በኋላ ይመጣል። መጽሐፍ ያልወሰደውም ተማሪ በዝርዝሩ ላይ መገኘት አለበት።