ከዋርሶ እስከ ጨረቃ፦ የሚዬቺስዋፍ ቤከር ሕይወትና ለልል መሬት የሚሆን የጎማ ሞዴል ምርጫ

መግቢያ

ተሽከርካሪ በአስፋልት ላይ ሲጓዝ ቅርጹን የሚለውጠው ጎማው ብቻ ነው፤ መሬቱ ባለበት ይጸናል። በአሸዋ፣ በጭቃ ወይም በበረዶ ላይ ሲጓዝ ግን መሬቱም ይሰረጎዳል፣ ይታመቃል፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይገፋል። ስለዚህ ለጠንካራ መንገድ የተዘጋጁ የጎማ ሞዴሎች፣ ከእነዚህም መካከል በኔዘርላንዳዊው ሃንስ ፓሴይካ ስም የሚታወቀው ቀመር፣ በልል አፈር ላይ እንዳሉ ቢወሰዱ የሚሰጡት ውጤት አሳሳች ይሆናል። እነዚህ ሞዴሎች የማይበገር መሬትን እንደ መነሻ የያዙ ናቸውና።

ልል መሬት ከተሽከርካሪ ጋር ያለውን ግንኙነት በቁጥር ለመግለጽ የሚያስችል ሥርዓት በማቆም ረገድ የፖላንድ ተወላጁን መሐንዲስ ሚዬቺስዋፍ ግሪጎሪ ቤከርን የሚስተካከል የለም። ዛሬም ብዙ የሲሙሌሽን መሣሪያዎች በእርሳቸው ቀመር ላይ ቆመዋል። ይህ ጽሑፍ የቤከርን ሕይወት በመከተል፣ የጎማ ሞዴል ሲመረጥ ሊነሡ የሚገባቸው ጥያቄዎች ከየት እንደመጡና ቀመሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ይመረምራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትምህርት፣ ጦርነትና ስደት

ቤከር በ1905 በስትሺዡፍ መንደር፣ በህሩቢየሹፍ ከተማ አቅራቢያ ተወለዱ። አካባቢው በዚያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበር። በ1929 ከዋርሶ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመረቁ፤ በ1930ዎቹም ለፖላንድ ጦር በሚሠራ የምርምር ተቋም ውስጥ ከመንገድ ውጭ ስለሚሄዱ ባለ ሰንሰለት ተሽከርካሪዎች ጥናት አደረጉ።

በ1939 ፖላንድ ስትወረር ቤከር የነበሩበት የጦር ክፍል ወደ ሮማኒያ አፈገፈገ። ከዚያ ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። በ1942 የካናዳ መንግሥት ያቀረበላቸውን ግብዣ ተቀብለው ወደ ኦታዋ አመሩ፤ በ1943 የካናዳ ጦር አባል ሆነው በተመራማሪነት ሲሠሩ ቆይተው እስከ ሌተና ኮሎኔልነት ማዕረግ ደረሱ።

ዘመኑ ለጥያቄያቸው ክብደት ሰጥቶታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በምሥራቅ አውሮፓ ጭቃና በሰሜን አፍሪካ አሸዋ የተያዙ ተሽከርካሪዎች ብዙ ነበሩ። የሞተር ጉልበት መጨመር ብቻውን መፍትሔ አልሆነም፤ ጎማው ወይም ሰንሰለቱ የሚገፋው አፈር ካልተቋቋመ ጉልበቱ ጉድጓድ ከመቆፈር አያልፍም። ስለዚህ ተሽከርካሪን መንደፍ አፈርን ከማወቅ ተለይቶ ሊታይ እንደማይገባ ቤከር በጽኑ ያምኑ ነበር።

አፈርን በቁጥር መግለጽ

ቤከር ከባዶ አልተነሡም። በ1913 ጀርመናዊው በርንስታይን የሞተር ማረሻን ሲያጠና፣ መሬትን የሚጫን ግፊት ከስምጠቱ ጥልቀት ጋር ያለውን ግንኙነት በአንድ ቀመር አስቀምጦ ነበር። ሩሲያዊው ጎርያችኪን ደግሞ ጥልቀቱ የሚነሣበት አርቢ እንደ አፈሩ ዓይነት እንዲለዋወጥ አድርጎ አሰፋው። ሆኖም ሰፊና ጠባብ ሰሌዳ በአንድ አፈር ላይ በእኩል ግፊት ሲጫኑ ስምጠታቸው ስለሚለያይ፣ በአንድ ሰሌዳ የተገኘ ቁጥር ለሌላው አያገለግልም ነበር።

የቤከር ዋና አስተዋጽኦ ይህን ችግር መፍታቱ ነው። በቀመራቸው መሠረት ግፊቱ የሁለት መለኪያዎች ድምር በጥልቀቱ አርቢ ሲባዛ ይገኛል። የመጀመሪያው መለኪያ ከአፈሩ ተጣባቂነት ጋር የተያያዘ ሲሆን ለሰሌዳው ስፋት ይካፈላል፤ ሁለተኛው ከአፈሩ የውስጥ ሰበቃ ጋር የተያያዘ ሲሆን ስፋት አይነካውም። በዚህ መንገድ እንደ ዋልካ ያለ ተጣባቂ አፈርና እንደ ደረቅ አሸዋ ያለ ልቅ አፈር በአንድ ቀመር ሊገለጡ ቻሉ።

ቁጥሮቹን ለማግኘት ቤቫሜትር የተባለውን መሣሪያ ሠሩ፤ ስሙም ከራሳቸው ስም የተወሰደ ነው። መሣሪያው ሁለት ሥራ ይሠራል። የተለያየ ስፋት ያላቸውን ሰሌዳዎች ቁልቁል እየተጫነ ስምጠትን ይለካል፤ ቀለበት መሰል አካልን በአፈሩ ላይ እያዞረ ደግሞ አፈሩ ለአግድም ግፊት ያለውን መቋቋም ይለካል። የመጀመሪያው ልኬት ተሽከርካሪው ምን ያህል እንደሚሰምጥና ምን ያህል እንደሚጎተት፣ ሁለተኛው ምን ያህል የመግፋት ኃይል እንደሚያገኝ ያመለክታል። የሁለቱ ልዩነት ለሞዴል ምርጫ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ተሽከርካሪው የሚቆመው የመግፋት ኃይሉ ከሚጎትተው ኃይል ሲያንስ ነውና።

የዲትሮይቱ ቤተ ሙከራና የሁለት ስልቶች ክርክር

ቤከር በ1950ዎቹ ሥራቸውን ወደ ዩናይትድ ስቴትስ አዛወሩ። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በዲትሮይት አካባቢ በነበረው የአሜሪካ ጦር የየብስ እንቅስቃሴ ቤተ ሙከራም ምርምሩን መሩ። በ1956 የየብስ እንቅስቃሴ ንድፈ ሐሳብን የሚያቀርበውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ፤ በ1960 እና በ1969 ሌሎች ሁለት ታላላቅ መጻሕፍት ተከተሉ። በ1961 ያኖሲና ሃናሞቶ አፈሩ በአግድም ሲገፋ መቋቋሙ ቀስ በቀስ ወደ ከፍተኛው መጠን የሚደርስበትን ቀመር አቀረቡ። ይህም ቀመር ከቤከር የስምጠት ቀመር ጋር ተጣምሮ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በዚያው ዘመን በቪክስበርግ፣ ሚሲሲፒ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር የምርምር ጣቢያ ሌላ መንገድ ይከተል ነበር። በዚያ የተዘጋጀው ስልት ሾጣጣ ጫፍ ያለው ዘንግ ወደ አፈር እየተገፋ መቋቋሙ በአንድ ቁጥር የሚመዘገብበት ነው። መሣሪያውን አንድ ወታደር ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል፤ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ተሽከርካሪው ያልፋል ወይስ አያልፍም ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

ቤከር የተቃወሙት አንድ ቁጥር የአፈርን ተጣባቂነትና ሰበቃ ለይቶ ሊያሳይ አለመቻሉን ነው። በልምድ የተገኘ ዝምድና ከተሞከሩት ተሽከርካሪዎች ጋር ለሚመሳሰል ተሽከርካሪ ይሠራል፤ ገና ላልተሠራ፣ ቅርጹም አዲስ ለሆነ ተሽከርካሪ ግን ምንም ማረጋገጫ አይሰጥም። የቪክስበርጉ ወገን በበኩሉ ቤቫሜትር ከባድ መሆኑንና የሜዳ አፈር ከእርምጃ እርምጃ ስለሚለያይ የቀመሩ ርቀት በተግባር እንደማይገኝ ያነሣ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የያዙት እውነት ነበራቸው። በ1970ዎቹ የተዘጋጀው የሰሜን አትላንቲክ ቃል ኪዳን ድርጅት የተሽከርካሪ እንቅስቃሴ ሞዴል በአብዛኛው በሾጣጣው ዘንግ ልኬት ላይ ቆመ፤ ተተኪው እንዲሆን በቅርብ ዓመታት የተጀመረው ሥራ ደግሞ ወደ ቤከር ዓይነት ፊዚክስ ተመልሷል።

ግትር ጎማ ወይስ ተለማጭ ጎማ

ከቤከር ሥራ ለጎማ ሞዴል ምርጫ በቀጥታ የሚጠቅመው በንፋስ ስለተሞላ ጎማ ያቀረቡት ትንተና ነው። ንፋስ የተሞላ ጎማ በልል መሬት ላይ በሁለት መልክ ሊሠራ ይችላል። የጎማው የንፋስ ግፊትና የራሱ የጎማው ግድግዳ ጥንካሬ ተደምረው አፈሩ ሊሸከም ከሚችለው ግፊት ከበለጡ፣ ጎማው ሳይለመጥ እንደ ብረት መንኮራኩር ይሰምጣል። ካነሱ ግን የጎማው ግርጌ ይደለደላል፤ የሚነካው መሬት ይሰፋል፣ ስምጠቱም ይቀንሳል።

መለያው በስሌት ይገኛል። በመጀመሪያ ጎማው ግትር እንደሆነ ተወስዶ ስምጠቱ ይሰላል። ከዚያ በዚያ ጥልቀት አፈሩ የሚመልሰው ግፊት ይወጣና ከጎማው ግፊት ጋር ይነጻጸራል። አሸዋ ላይ የሚነዳ ሾፌር ንፋስ የሚቀንሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጎማውን ከግትሩ ወደ ተለማጩ መልክ እያሸጋገረው ነው።

ለተመራማሪው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ጎማው በግትር መልክ የሚሠራ ከሆነ ውስብስብ የጎማ መዋቅር ሞዴል መጠቀም የስሌት ጊዜ ማባከን ይሆናል፤ ትኩረቱ ወደ አፈሩ ሞዴል መዞር አለበት። ጎማው የሚለመጥ ከሆነ ደግሞ የጎማውና የአፈሩ ለውጥ አብረው መሰላት አለባቸው።

ንፋስ የሌለው ጎማ በጨረቃ ላይ

በ1961 ቤከር ወደ ጄኔራል ሞተርስ ገቡ፤ በሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኩባንያው ቤተ ሙከራ ለጨረቃ የሚሆን ተሽከርካሪ ማጥናት ጀመሩ። ሃንጋሪ የተወለደው መሐንዲስ ፈረንጽ ፓቭሊችም አብሯቸው ሠራ። በዚያን ጊዜ የጨረቃ ገጽ ተሽከርካሪ በሚውጥ ጥልቅ አቧራ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል የሚል ስጋት ነበር። በ1966 የሶቪየት ኅብረት ሉና 9 እና የአሜሪካ ሰርቬየር 1 በሰላም ማረፋቸው መሬቱ ክብደት እንደሚሸከም አሳየ።

በ1969 ተሽከርካሪውን የመሥራት ውል ለቦይንግ ኩባንያ ሲሰጥ የጎማውና የመንጃ ሥርዓቱ ሥራ የጄኔራል ሞተርስ ድርሻ ሆነ። ላስቲክ በጨረቃ የሙቀት መለዋወጥና በባዶ ጠፈር ውስጥ አስተማማኝ አልነበረም፤ ክብደቱም የሚፈቀድ አልሆነም። የተመረጠው ዚንክ ከተቀባ የብረት ሽቦ የተሸመነ፣ የሚለመጥ ጎማ ነበር። ዲያሜትሩ 82 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መሬት የሚነካው ገጽ ግማሽ ያህሉ በቲታኒየም ጥርሶች ተሸፍኖ ነበር። ውስጡም ጎማው ከልክ በላይ እንዳይለመጥ የሚያግድ የቲታኒየም ቀለበት ነበረው።

የቤከር ቀመር እዚህ ላይ ሊፈተን ይችላል። ተሽከርካሪው ሙሉ ጭነት ሲይዝ መጠነ ቁሱ 700 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ በጨረቃ ስበት እያንዳንዱ ጎማ የሚሸከመው ወደ 280 ኒውተን ብቻ ነው። ለጨረቃ አፈር በተለምዶ የሚወሰዱት ቁጥሮች በቀመሩ ውስጥ ሲገቡና ጎማው ግትር ነው ሲባል ስምጠቱ 1.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። አፖሎ 15 በ1971 ከተጓዘ በኋላ የተገመተው የጎማ ዱካ አማካይ ጥልቀት ወደ 1.25 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱ ከሚጠበቀው አቅጣጫ ጋር ይስማማል፤ እውነተኛው ጎማ ተለማጭ ነበርና ከግትሩ ያነሰ መስመጥ ነበረበት። የአፖሎ 15፣ 16 እና 17 ተሽከርካሪዎች በአንድ ላይ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘዋል፤ አንዳቸውም ሰምጠው አልቀሩም።

የቀመሩ ወሰን

ቤከር ቀመራቸው በሁሉም ስፍራ ይሠራል አላሉም። የግትር መንኮራኩር ስሌታቸው የሚታመነው ስምጠቱ ከመንኮራኩሩ ዲያሜትር አንድ ስድስተኛ ሳይበልጥ እንደሆነ አመልክተዋል። ዲያሜትሩ ከ50 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ደግሞ ዲያሜትሩ በቀነሰ መጠን ስሕተቱ እየጎላ ይሄዳል። ምክንያቱ ጠፍጣፋ ሰሌዳ የሰጠው ልኬት ወደ ክብ አካል መሸጋገሩ ነው፤ መንኮራኩሩ ትልቅ ሲሆን ግርጌው ለሰሌዳ ይቀርባል፣ ትንሽ ሲሆን ግን ይርቃል። ስሌቱ መንኮራኩሩ ሲንሸራተት ከሥሩ አፈር እየቆፈረ የሚጨምረውን ስምጠትም አይቆጥርም። በ1967 ዎንግና ሪስ ትልቁ ግፊት የሚያርፍበት ነጥብ ከመንሸራተቱ ጋር እንደሚለዋወጥ በማሳየት ይህን ክፍተት በከፊል ሞሉት።

ወሰኑን መዘንጋት ዋጋ ያስከፍላል። ኦፖርቹኒቲና ስፒሪት የተባሉት የማርስ ተሽከርካሪዎች መንኮራኩር ዲያሜትር 25 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ቤከር ካስጠነቀቁበት መጠን ግማሽ ማለት ነው። ኦፖርቹኒቲ በ2005 በአሸዋ ክምር ውስጥ ሰምጦ ለመውጣት ሳምንታት ወሰደበት፤ ስፒሪት በ2009 ከተያዘበት ልል አፈር ከናካቴው አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ለትንንሽ መንኮራኩሮች የዲያሜትሩን ተጽዕኖ በቀመሩ ውስጥ የሚያስገቡ ማሻሻያዎች ቀርበዋል።

ዛሬ የአፈርን ቅንጣቶች አንድ በአንድ የሚከተሉ ስሌቶች አሉ። እነዚህ ቁፋሮውንና የአፈሩን ፍሰት ሊያሳዩ ይችላሉ፤ ነገር ግን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ቅንጣቶች የሚያስፈልገው የስሌት ጊዜ ረጅም ጉዞን ለማስመሰል አያመችም። በጀርመን የጠፈር ምርምር ማዕከል የተዘጋጀው የአፈር ንክኪ ሞዴል በመካከለኛው መንገድ ይሄዳል፤ የመሬቱን ገጽ በጥቃቅን ነጥቦች ከፍሎ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ የቤከርን ቀመር ያሰላል፣ ዱካውንም ይመዘግባል።

ማጠቃለያ

ቤከር በጥር 1989 በሳንታ ባርባራ በ83 ዓመታቸው አረፉ። ሥራቸው ለሞዴል መራጩ ያወረሰው በቅደም ተከተል የሚነሡ ጥያቄዎችን ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚለወጠው ጎማው ነው ወይስ አፈሩ፣ ወይስ ሁለቱም የሚለው ነው። ቀጥሎ የጎማው መጠንና የሚጠበቀው ስምጠት በቀመሩ ወሰን ውስጥ መሆናቸው ይታያል። ሦስተኛ፣ የአፈሩ ቁጥሮች ለጎማው በሚቀርብ መጠን ሰሌዳ፣ በዚያው አፈርና በዚያው እርጥበት መለካታቸው ይጣራል። በመጨረሻም ከስሌቱ የሚፈለገው መልስ ምን እንደሆነ ይወሰናል፤ ተሽከርካሪው ማለፉን ብቻ ለማወቅ የሚበቃ ሞዴል፣ እንዴት እንደሚሰምጥ ለመመርመር ላይበቃ ይችላል።

ከአራቱ በብዛት የሚታለፈው ሦስተኛው ነው። ከመጻሕፍት ሠንጠረዥ የተወሰደ የአፈር ቁጥር ሲሙሌሽኑን ያስኬደዋል፤ የሚያስኬደው ግን በሌላ ስፍራ አፈር ላይ ነው። ቤከር ከቀመሩ ጋር መለኪያ መሣሪያውንም የሠሩት አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም ስለማይኖረው ነው።