ኤድስገር ዳይክስትራ፦ ከአጭሩ መንገድ ወደ ራሱን የሚያረጋጋ ኔትወርክ

አንድ የኔትወርክ መስመር ሲቋረጥ ራውተሮች ትራፊኩን በሌላ መንገድ ማስተላለፍ እስኪጀምሩ የሚያልፈው ጊዜ የማገገሚያ ጊዜ ይባላል። በዚህ ዘርፍ የሚሠራ ተመራማሪ ኤድስገር ዳይክስትራን በአብዛኛው የሚያውቃቸው በአጭሩ መንገድ ስልተ ቀመር ነው። ይህ ጽሑፍ የሳይንቲስቱን ሕይወት በአጭሩ በመቃኘት፣ ብዙም የማይጠቀሰው የ1974 ሥራቸው ለማገገም ጥናት የማይተናነስ ፋይዳ እንዳለው ለማሳየት ይሞክራል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳይክስትራ በ1930 በኔዘርላንድስ፣ ሮተርዳም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የኬሚስትሪ፣ እናታቸው የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ቲዎሬቲካል ፊዚክስ እያጠኑ ሳለ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል በፕሮግራመርነት ሥራ ጀመሩ። ሙያው ገና ዕውቅና ስላልነበረው በ1957 ሲያገቡ ፕሮግራመር ነኝ ማለታቸው ተቀባይነት አላገኘም፤ በጋብቻ ሰነዳቸው ላይ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ባለሙያ ተብለው ተመዘገቡ።

በ1956 ማእከሉ አርማክ የተባለውን አዲስ ኮምፒውተር ለሕዝብ ለማስተዋወቅ ተሰናዳ። ዳይክስትራም ማንም ሰው የሚረዳው ጥያቄ ፈለጉ፤ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ ማግኘት። መፍትሔውን ያገኙት ከእጮኛቸው ጋር በአምስተርዳም አንድ ቡና ቤት ተቀምጠው፣ ያለ ወረቀትና ብዕር፣ በ20 ደቂቃ ገደማ ነበር። በማሳያው 64 ከተሞችን የያዘ የኔዘርላንድስ ካርታ ተጠቀሙ። ሥራው በ1959 ታተመ።

ስልተ ቀመሩ ወደ ኔትወርክ ዓለም የገባው ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው አርፓኔት ላይ እያንዳንዱ ጣቢያ ርቀትን የሚያውቀው ጎረቤቶቹ ከነገሩት ተነሥቶ ስለነበር የመስመር መቋረጥ ወሬ በዝግታ ይዳረስ፣ ፓኬቶችም በክብ ይዞሩ ነበር። በ1979 በተተከለው አዲስ ዘዴ ግን እያንዳንዱ ጣቢያ የኔትወርኩን ሙሉ ካርታ ይዞ መንገዱን በዳይክስትራ ስልተ ቀመር ራሱ ማስላት ጀመረ። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ኦኤስፒኤፍም ይህንኑ ፈለግ የተከተለ ነው።

በዚህ መካከል ዳይክስትራ በ1962 ወደ አይንድሆቨን ተዛውረው የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1974 ደግሞ ሁለት ገጽ ብቻ ያለው ጽሑፍ አሳተሙ። ጽሑፉ ማእከላዊ ተቆጣጣሪ የሌለው ሥርዓት ከየትኛውም የተሳሳተ ሁኔታ ቢነሣ፣ ያለ ውጭ እርዳታ፣ በተወሰኑ እርምጃዎች ወደ ትክክለኛው ሁኔታ ሊመለስ እንደሚችል አሳየ። ይህን ጠባይ ራስን ማረጋጋት ብለው ሰየሙት። ሥራው ሌዝሊ ላምፖርት በ1983 ባሰሙት ንግግር እስኪያነሡት ድረስ ብዙም ትኩረት አላገኘም።

የሐሳቡን ክብደት ግን አርፓኔት ቀድሞ በተግባር አሳይቶ ነበር። በጥቅምት 1980 የአንድ ጣቢያ መሣሪያ ተበላሽቶ የአንድ መልእክት ሦስት ቅጂዎች 8፣ 40 እና 44 የሚል ተራ ቁጥር ይዘው ተሰራጩ። ቁጥሮቹ 64 ላይ ሲደርሱ ከዜሮ የሚጀምሩ ስለነበሩ 44 ከ40፣ 8 ከ44፣ 40 ደግሞ ከ8 እንደ አዲስ ተቆጠሩ። ጣቢያዎቹም ቅጂዎቹን ያለማቋረጥ ሲቀባበሉ ኔትወርኩ ለሰዓታት ከሥራ ውጭ ሆነ፤ የተመለሰውም በመሐንዲሶች ጣልቃ ገብነት ነው። አጭሩን መንገድ የሚያሰላው ስልተ ቀመር አልተሳሳተም፤ የጎደለው ራስን ማረጋጋት ነበር። ራዲያ ፐርልማን በ1983 ያሳተሙት የመልእክት ስርጭት ዘዴ ይህንን ክፍተት ለመድፈን የታለመ ነው።

የ1974ቱ ጽሑፍ ሥርዓቱ እንደሚመለስ ያረጋግጣል እንጂ በስንት ሚሊሴኮንድ እንደሚመለስ አይናገርም። ይህንን የሚመልሰው ልኬት ነው። በ2011 የወጣው አርኤፍሲ 6413 ካቀረባቸው ዘዴዎች አንዱ የጠፉትን ፓኬቶች ለመላኪያ ፍጥነቱ ያካፍላል፤ በሴኮንድ 10,000 ፓኬት ሲላክ 2,500 ቢጠፋ የማገገሚያ ጊዜው 0.25 ሴኮንድ ነው። ሆኖም መንገዶች በተለያየ ቅጽበት ካገገሙ ውጤቱ አማካይ ስለሚሆን የዘገየውን መንገድ ይሸፍነዋል። ጊዜውን የሚወስነውም በአብዛኛው ስሌቱ ሳይሆን ብልሽቱን መለየት ነው፤ ኦኤስፒኤፍ በተለመደው ቅንብሩ በሰላምታ መልእክት ብቻ ከተማመነ ጎረቤቱን እንደጠፋ ለመቁጠር 40 ሴኮንድ ይጠብቃል።

ዳይክስትራ ሙከራ ስሕተት መኖሩን እንጂ አለመኖሩን ሊያሳይ እንደማይችል አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። ይህ ለልኬት ሥራም ማሳሰቢያ ነው፤ መስመር በመቁረጥ ብቻ የሚገኝ ቁጥር የ1980ውን ዓይነት ብልሽት አይመለከትም። ስለዚህ የማገገም ልኬት የተበላሸ መረጃን እንደ መነሻ የሚወስዱ ሙከራዎችንም ሊያካትት ይገባል።

ዳይክስትራ ከ1984 ጀምሮ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን አስተምረው በ1999 ጡረታ ወጡ። ከ1,300 በላይ ተራ ቁጥር የተሰጣቸው ጽሑፎችን ትተዋል፤ ብዙዎቹም በእጅ የተጻፉ ናቸው። በነሐሴ 2002 በኔዘርላንድስ፣ ኑነን አረፉ። የ1974ቱ ጽሑፍ በዚያው ዓመት ለዘርፉ ባበረከተው ተጽዕኖ ተሸለመ፤ በተከታዩ ዓመትም ሽልማቱ ራሱ በስማቸው ተሰየመ።