ዳኛ ያጣው ዳኛ

የሕግ ትምህርት ስጀምር ሎጂክ የሚባለው ኮርስ ለእኔ ማለፊያ ነጥብ አግኝቼ የምገላገለው አንድ ተጨማሪ ጣጣ ነበር። መነሻ ሐሳብ አንድ፣ መነሻ ሐሳብ ሁለት፣ ድምዳሜ እያልን ሸመደድን፤ ተፈተንን፤ ረሳነው። ከዓመታት በኋላ የሰው ክርክር ስሰማና የራሴን ስጽፍ ነው የጎደለኝ ምን እንደሆነ የገባኝ። የምዕራቡንና የእስልምናውን ዓለም የፍልስፍና ታሪክ በየተራ ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ታዲያ በሁለቱም መንገድ ላይ አንድ ሰው ደጋግሞ አጋጠመኝ። አውሮፓውያኑ አቬሮስ ይሉታል፤ ትክክለኛ ስሙ ኢብን ሩሽድ ነው። ፈላስፋ ነው፤ ሐኪምም ነው። እኔን የሳበኝ ግን የእንጀራ ሥራው ነው። ሰውየው ዳኛ ነበር።

የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1126 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በዛሬዋ ስፔን ኮርዶባ ከተማ ነው። ያን ጊዜ ደቡባዊው ስፔን አንዳሉስ የሚባል የሙስሊሞች ግዛት ነበር። በእነ ኢብን ሩሽድ ቤት ዳኝነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ሙያ ነው። አያቱ የኮርዶባ ዋና ቃዲና የታላቁ መስጊድ ኢማም ነበሩ፤ ያረፉትም እሱ በተወለደበት ዓመት ነው። አባቱም ቃዲ ነበሩ። ልጁ በማሊኪ መዝሃብ ሕግ ተማረ፤ የመዝሃቡን ዋና መጽሐፍ አባቱ ዘንድ በቃሉ አጠና። ሕክምናም ጨመረበት። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ እንደሚሉት፣ ራሱን ካወቀ ጀምሮ ሳያነብ ያደረው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ አባቱ የሞቱበትና እሱ ያገባበት።

ዘመኑን ለመረዳት ከእሱ በፊት የነበረውን ታላቁን አል ጋዛሊን ማንሳት ግድ ይላል። በ1111 ያረፈው ይህ ሊቅ በ1095 ፈላስፎችን የሚሞግት መጽሐፍ ጽፎ ነበር። በሦስት ነጥቦች ላይ፣ ማለትም ዓለም ጥንትም የነበረ ነው በማለታቸው፣ ፈጣሪ ዝርዝሩን በዝርዝርነቱ አያውቅም በማለታቸውና የሥጋን ትንሣኤ ባለመቀበላቸው፣ ከሃይማኖት ወጥተዋል ብሎ ፈረደባቸው። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንዘነጋው አንድ ጉዳይ አለ። አል ጋዛሊ ሎጂክን አልጣለም። እንዲያውም ስለ ሕግ መሠረቶች በጻፈው መጽሐፍ መግቢያ ላይ ሎጂክን አስቀድሞ፣ እሱን ያላወቀ ሰው እውቀቱ እንደማያስተማምን አስረድቷል። ኢብን ሩሽድ በወጣትነቱ አሳጥሮ የጻፈው ይህንኑ መጽሐፍ ነው። ኋላ የተከራከሩት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሚዛን ይመዝኑ ነበር ማለት ነው።

በ1160ዎቹ መጨረሻ ላይ ኢብን ጡፈይል የተባለ ፈላስፋና የቤተ መንግሥት ሐኪም ኢብን ሩሽድን ኸሊፋው አቡ ያዕቁብ ዩሱፍ ዘንድ ይዞት ገባ። ኸሊፋው ስለ ዘሩ ከጠየቀው በኋላ ሰማይ ዘላለማዊ ነው ወይስ በጊዜ የተፈጠረ በሚለው ላይ ፈላስፎች ምን እንደሚሉ እንዲነግረው ጠየቀው። ጥያቄው አንገት የሚያስቆርጥ ነው። ኢብን ሩሽድ ፈራ፤ ከፍልስፍና ጋር ግንኙነት እንደሌለው ተናገረ። ኸሊፋው ግን ፍርሃቱ ገብቶት ወደ ኢብን ጡፈይል ዞረና ራሱ ስለ ፕሌቶና አርስቶትል ይተነትን ጀመር። እንግዳው በሊቅነቱ ተገረመ፤ ልቡ ተመለሰ፤ የሚያውቀውን ተናገረ። ሲወጣም ገንዘብ፣ የክብር ልብስና የሚጋልበው ከብት ተሸልሞ ወጣ። ያቺን የመጀመሪያዋን ፍርሃት ልብ ይበሉልኝ፤ እንመለስባታለን።

ብዙም ሳይቆይ ኢብን ጡፈይል ኸሊፋው የአርስቶትል ትርጉም አልገባ ብሎት እንደሚቸገር ነገረው፤ እሱ ራሱ ስላረጀም ሥራውን ለወጣቱ አስረከበው። ኢብን ሩሽድ በ1169 በሴቪያ፣ በ1171 ደግሞ በኮርዶባ ቃዲ ሆነ። ቀን የሰው ክስ እየሰማ በቀሪው ጊዜ አርስቶትልን ያብራራ ነበር። ግሪክኛ አያውቅም፤ በዓረብኛ ትርጉሞች ነው የሠራው። ማብራሪያዎቹ አጭር፣ መካከለኛና ረጅም ተብለው ይመደባሉ፤ ሙሉውን ቃል እየጠቀሰ ያብራራባቸው ረጅሞቹ አምስት ናቸው። የአርስቶትል የፖለቲካ መጽሐፍ እጁ ስላልገባ በምትኩ የፕሌቶን ሪፐብሊክ አብራራ። እዚያ ላይ የአገሩ ከተሞች ሴቶችን ለመውለድና ለማሳደግ ብቻ በመተዋቸው ችሎታቸው ሳይታወቅ እንደሚቀርና ይህም ለድህነት አንዱ ምክንያት እንደሆነ ጽፏል። በ12ኛው መቶ ዘመን የተቀመጠ ቃዲ ነው ይህንን የሚለው።

ለሕግ ሰው የሚጣፍጠው ግን ሌላው ሥራው ነው። የፍልስፍናን ጉዳይ እንደ ዳኛ ነው የያዘው። ባጭር ድርሳኑ የያዘው ጭብጥ ፍልስፍናና ሎጂክን ማጥናት በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፣ የተከለከለ ነው ወይስ የታዘዘ የሚል ነው። መልሱ ለሚችለው ሰው የታዘዘ ነው የሚል ሆነ። ቁርዓን ፍጥረትን አስተውሉ ይላል፤ ማስተዋል ደግሞ ከታወቀው ወዳልታወቀው መድረስ ነው፤ ይህም ቂያስ ይባላል። የሕግ ሰው ፍርድ ለመስጠት ቂያስ ከተፈቀደለት፣ ፈጣሪውን ለማወቅ የሚሻ ሰውማ ይበልጥ ይገባዋል አለ።

መሣሪያው ከግሪክ አረማውያን የመጣ ነው ለሚሉት ደግሞ ከእርድ ሕግ ምሳሌ አመጣላቸው። እንስሳ ሲታረድ ቢላዋው ሕጉ የሚጠይቀውን ማሟላቱ እንጂ የማን ሃይማኖት ተከታይ ንብረት እንደነበረ አይጠየቅም። በእርድ ጉዳይ ቀልድ የማያውቅ የእኛን አገር ሰው ይህ ምሳሌ ሳይገባው አይቀርም። ለነገሩ እኛም የተጠቀምንበት ቢላዋ ነው። ለዘመናት የተዳኘንበት ፍትሐ ነገሥት ግብፃዊው ክርስቲያን ኢብን አል አሳል በ13ኛው መቶ ዘመን በዓረብኛ ካዘጋጀው የተተረጎመ ነው። የግሪክ ጠቢባንን አባባል የያዘው መጽሐፈ ፈላስፋም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ከዓረብኛ ነው።

ፍልስፍና አንዳንዱን ሰው አስቷል ለሚለው ክስም መልስ ነበረው። አንድ ሰው ውኃ ትን ብሎት ስለሞተ የተጠማውን ሁሉ ውኃ መከልከል ፍርድ አይደለም። ከሁሉ የረቀቀው ግን በአል ጋዛሊ ፍርድ ላይ ያቀረበው የሕግ መቃወሚያ ነው። አንድን ሰው የሊቃውንትን ስምምነት ጥሷል ብሎ ከሃይማኖት ለማስወጣት መጀመሪያ ስምምነቱ መረጋገጥ አለበት፤ በእንዲህ ያሉ የንድፈ ሐሳብ ጉዳዮች ደግሞ የዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ መስማማታቸውን ማረጋገጥ አይቻልም። ያልተረጋገጠ ስምምነት ለክስ መሠረት አይሆንም። እንዲህ ነው ክርክር!

ለአል ጋዛሊ መጽሐፍ በጻፈው ረጅም መልስ ውስጥ የባላጋራውን ቃል በየክፍሉ እያሰፈረ፣ ከሥሩ ነው የሚመልሰው። ባላጋራው ትክክል በሆነበት ትክክል ነው ይላል፤ ፈላስፎቹን እነ ኢብን ሲናንም አይምራቸውም። በታወቀው የሕግ መጽሐፉም እንዲሁ ነው። በእያንዳንዱ ጉዳይ ላይ መዝሃቦቹ የተለያዩበትን ነጥብ ዘርዝሮ ለምን እንደተለያዩ ምክንያቱን ያስረዳል። የዛሬ ክርክራችንን ሳይ፣ የሌላውን ወገን ሐሳብ ባለቤቱ ይህ የእኔ ነው ብሎ እስኪቀበለው ድረስ አስተካክሎ የሚያቀርብ ስንት ሰው አለን እላለሁ።

እንከን የለበትም ማለቴ አይደለም። ማስረጃን እስከ ጥጉ የሚከተሉ ጥቂቶች ናቸው ብሎ ያምን ነበር፤ ጥልቅ ትርጓሜዎች ለሕዝብ መነገር የለባቸውም ይላል። አል ጋዛሊንም የሊቃውንትን ጉዳይ አደባባይ አወጣህ ብሎ ወቅሶታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ነገርን ለጥቂቶች ብቻ የተወ ሰው በክፉ ቀን የሚቆምለት ሕዝብ አያገኝም።

ክፉው ቀንም መጣ። በ1182 ኢብን ጡፈይልን ተክቶ በማራካሽ የኸሊፋው ሐኪም ሆኖ ነበር፤ ቀጥሎም የኮርዶባ ዋና ቃዲ። ወዳጁ ኸሊፋ በ1184 ሲሞት ልጁ አል መንሱር ነገሠ፤ እሱም ለብዙ ዓመት አከበረው። በ1195 ግን ከካስቲል ንጉሥ ጋር በተዋጋበት ዓመት ፊቱን አዞረ። ምክንያቱን የታሪክ ጸሐፊዎች በየፊናቸው ይሰጣሉ። ብዙዎቹ አል መንሱር በጦርነት ጊዜ የሃይማኖት ሊቃውንቱን ድጋፍ ስለፈለገ ነው ይላሉ። አንድ ዘገባ ደግሞ ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ቀጭኔን በበርበሮች ንጉሥ ዘንድ አይቻለሁ ማለቱ ኸሊፋውን አስቀይሟል ይላል። እሱ የሁለቱ ምድሮች ንጉሥ ብዬ የጻፍኩት በስህተት ተነቦ ነው ብሎ ተከላከለ አሉ። በዓረብኛ ጽሕፈት ሁለቱ ቃላት በጣም ይመሳሰላሉ።

ሐሳቦቹ ኮርዶባ ላይ በአደባባይ ተወገዙ። እሱም በአይሁድ መኖሪያነት ወደምትታወቀው ወደ ሉሴና ተጋዘ። የፍልስፍና መጻሕፍት እንዲቃጠሉ ታዘዘ፤ የሕክምና፣ የሒሳብና ጊዜን ለማስላት የሚጠቅሙት ሲቀሩ። በዚያ ወራት ከሁሉ የከበደው ከልጁ ጋር ለአሱር ሶላት ኮርዶባ ወደሚገኝ መስጊድ ገብተው ሳለ ተራ ሰዎች ተነስተው ያስወጧቸው ቀን እንደነበር ይተረካል። አያቱ ዋና ቃዲ በነበሩባት ከተማ!

እዚህ ላይ ነው ወደ መጀመሪያዋ ፍርሃት የምመለሰው። በ1169 እና በ1195 መካከል 26 ዓመታት አሉ። ሎጂኩ አልተሸነፈም፤ ክርክሩንም በማስረጃ ያፈረሰበት አልነበረም። ሲጠብቀው የኖረው ግን የሁለት ገዢዎች በጎ ፈቃድ ነበር። ለሌላው ሁሉ ፍርድ የሰጠው ዳኛ፣ የራሱን ጉዳይ ይግባኝ የሚልበት ዳኛ አልነበረውም። በችሮታ የተሰጠ ነፃነት በችሮታው ዕድሜ ልክ ነው የሚቆየው።

ኋላ አል መንሱር ምሕረት አድርጎ ወደ ማራካሽ ጠራው፤ እዚያው በታኅሣሥ 1198 አረፈ። መጽሐፎቹ ግን ባሕር ተሻገሩ። በዕብራይስጥና በላቲን ተተረጎሙ፤ የፕሌቶ ማብራሪያው ዛሬ የሚገኘው በዕብራይስጥ ብቻ ነው። ቶማስ አኩዊናስ እየሞገተውም እንኳ አብራሪው እያለ ይጠራዋል። በ1277 የፓሪስ ጳጳስ 219 ሐሳቦችን ሲያወግዝ የእሱና የአርስቶትል ተከታዮች ዋነኛ ዒላማ ነበሩ። በሁለቱም ዓለም ተወገዘ ማለት ነው።

አስከሬኑ በኋላ ከማራካሽ ወጥቶ ወደ ኮርዶባ ተወሰደ። ያን ጊዜ በቦታው የነበረው ሱፊው ኢብን ዐረቢ ያየውን ጽፏል። ሬሳው በጭነት ከብቱ ጀርባ በአንድ ጎን ተጫነ። ጭነቱ እንዳያጋድል በሌላው ጎን የሚመዝነው ነገር ሲያስፈልግ የጻፋቸው መጻሕፍት ተጫኑ፤ ሚዛኑም ተስተካከለ።